የደብዳቤ እልፍኝ አስከልካይ

በቀድሞ ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ደጅ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበረ። ሥራውም ስሙ እንደሚያመለክተው ወደ ጌታው እልፍኝ የሚገባውንና የማይገባውን፣ አሁን የሚገባውንና ቆይቶ የሚገባውን መለየት ነበር። ባለጉዳይ ሁሉ እንዳሻው ቢገባ ኖሮ ጌታው አንድ ሥራ ሳይሠራ ቀኑ በመሸበት ነበር። ማንም እንዳይገባ ቢከለከል ደግሞ ፍርድ በጠፋ፣ የተበደለውም ሰው ደጅ እንደ ጠና በቀረ ነበር። ስለዚህ የአንድ ጌታ ደግነት ወይም ክፋት ይታወቅ የነበረው በራሱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በእልፍኝ አስከልካዩም ጠባይ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን የድሮ ሹመት ያነሣሁት ያለፈውን ለማውራት ብቻ አይደለም። ዛሬ ከእናንተ እያንዳንዱ በደጁ ብዙ ደጅ ጠኚ የቆመበት ጌታ ሆኖአል። በኪሳችሁ በያዛችሁት ስልክ ውስጥ ኢሜይል የሚገባበት የደብዳቤ ሳጥን አለ፤ በዚያም ሳጥን የአሠሪ ጥሪ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የነጋዴ ማባበያ፣ የአታላይ ወጥመድና የወዳጅ ሰላምታ አንድ ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ። ሁሉንም አነባለሁ የሚል ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ሁሉንም እተዋለሁ የሚልም ወዳጁን ያጣል። ሰዎች ለዚህ ችግር እንዴት መላ ሲፈልጉ እንደ ኖሩ፣ ያገኙትም መላ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደብዳቤ በእግረኛ መልእክተኛ ይላክ በነበረበት ጊዜ የሚደክመው ተቀባዩ ሳይሆን ላኪው ነበር። በሀገራችን መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ ወንዝና ገደል እያቋረጠ ይሄድ ነበር። ላኪውም መጻፍ ባይችል ጸሐፊ መፈለግ፣ ወረቀት ማግኘት፣ ለመልእክተኛው ስንቅ መስጠት ነበረበት። ይህን ሁሉ ወጪና ድካም አውጥቶ ከንቱ ነገር የሚልክ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የደብዳቤ እልፍኝ አስከልካይ የመንገዱ ርዝመት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን መንገድ ያሳጠረው ፖስታ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1840 በፊት የደብዳቤ ዋጋ የሚታሰበው እንደ መንገዱ ርቀት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነበር። በ1840 ግን ሮላንድ ሂል ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ላኪው አንድ ፔኒ ብቻ ከፍሎ ቀላል ደብዳቤ በአገሩ ውስጥ ወደ ፈለገው ቦታ እንዲልክ ሆነ። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 169 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ዋጋው ሲረክስ ጸሐፊው በዛ ማለት ነው። በሀገራችንም ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1894 የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም አዘዙ፤ መልካቸው ያለበት ቴምብርም በፓሪስ ታተመ፤ በ1908 ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ሆኖም በእኛ ዘንድ ደብዳቤ በየቤቱ መታደሉ ስላልተለመደ ባለ ደብዳቤው ራሱ ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ከሳጥኑ ያወጣ ነበር።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከመምህራኖቻችን አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ከከተማው ፖስታ ቤት በከረጢት ያመጡ ነበር። እኛ ልጆች ከቤታችን የተላከ ነገር እንዳለ ለማወቅ ከብበን ስንጠብቅ፣ እሳቸው ደብዳቤውን በጠረጴዛ ላይ በሦስት ይከፍሉት ነበር፤ ዛሬ መልስ የሚሻ፣ በሳምንቱ ውስጥ መልስ የሚሻ፣ መልስ የማይሻ። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር አስተዋልሁ። ፖስታው የቆሸሸውን፣ ጽሕፈቱ የተበላሸውን፣ ስም እንኳ በትክክል ያልተጻፈበትን ደብዳቤ ከሁሉ በፊት ይከፍቱት ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ባለጸጋ ጽሕፈቱ ያማረ ጸሐፊ አለው፤ የቸገረው ሰው ግን የሚጽፈው እንደ ሆነለት ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ የገባኝ ከሸመገልሁ በኋላ ነው። እንዴት እንደ ገባኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ኢሜይል እንለፍ። በ1971 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል መሐንዲስ፣ አርፓኔት በሚባለው መረብ በኩል፣ ጎን ለጎን ከቆሙት ሁለት ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት ላከ። የተቀባዩን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት፣ ዛሬ በኢሜይል አድራሻ ሁሉ መካከል የምናየውን አት የሚባለውን ምልክት የመረጠ እሱ ነው። የመጀመሪያው መልእክት ምን ይል እንደ ነበረ በኋላ ሲጠይቁት ረስቼዋለሁ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በ1972 ላሪ ሮበርትስ የሚባል ሌላ ሊቅ አንድ ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያ በፊት የመጣው መልእክት ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ጥቅልል ተከታትሎ ይነበብ ነበር፤ የሮበርትስ ፕሮግራም ግን የመልእክቶቹን ዝርዝር አሳይቶ፣ ከዝርዝሩ የተፈለገውን መርጦ ለማንበብ፣ ለማስቀመጥ፣ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍና መልስ ለመስጠት የሚያስችል ነበር። ልብ በሉ፤ ኢሜይል ከተፈጠረ ዓመት እንዳለፈው እልፍኝ አስከልካይ አስፈለገው።

በ1978 ደግሞ ጌሪ ተርክ የሚባል የኮምፒዩተር ሻጭ የመሥሪያ ቤቱን አዲስ ዕቃ መጥተው እንዲያዩ ለ400 ያህል ሰዎች አንድ ዓይነት መልእክት በአንድ ጊዜ ላከ። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ተቆጡ፤ ነገር ግን ዛሬ ስፓም ወይም አይፈለጌ መልእክት የምንለው ነገር በዚህ ተጀመረ። በ1982 የኮምፒዩተር ሊቅ የሆነው ፒተር ዴኒንግ ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፣ እስከ ዛሬ መልእክትን ስለ ማመንጨትና ስለ ማሠራጨት ብዙ አስበናል፤ ከእንግዲህ ግን ስለሚቀበለው ሰው ልናስብ ይገባል የሚል ምክር አቀረበ። የችግሩ ሥር ግልጽ ነው። ለአንድ ሰው መላክና ለሺህ ሰው መላክ ድካሙ እኩል ሆነ። ቀድሞ በላኪው ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም ሙሉ በሙሉ ወደ ተቀባዩ ትከሻ ተዛወረ።

ሰዎች በመጀመሪያ የሞከሩት መላ ትእዛዝ መስጠት ነው። «ከእገሌ የመጣውን እዚህ አኑር፤ ይህ ቃል ያለበትን ጣል» እያሉ ኮምፒዩተሩን ያዙታል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አታላይ ቃሉን እየለወጠ ያልፋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወደ አንድ የቆየ ዕውቀት ተመለሱ። በ1761 የሞተው ቶማስ ቤይዝ የሚባል የእንግሊዝ ሰባኪ፣ ከሞተ በኋላ በ1763 በታተመለት ድርሰት፣ ሰው አዲስ ማስረጃ ባገኘ ቁጥር የቀድሞ ግምቱን በሒሳብ እንዴት እንደሚያሻሽል መንገድ ጠርጎ ነበር። በ1998 ተመራማሪዎች ይህን ሒሳብ ለኢሜይል ሠሩበት፤ በ2002 ፖል ግሬየም የጻፈውም ጽሑፍ ዘዴውን በሰፊው አሳወቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ አንተ መልካም ያልኸውንና መጥፎ ያልኸውን ደብዳቤ ለየብቻ አስቀምጦ በየትኛው ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚበዛ ይቆጥራል። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ ቃሎቹን መዝኖ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያደላ ይገምታል። እንግዲህ ፍርዱ ግምት ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ ይህን አትርሱ።

ከዚህ በኋላ መሣሪያው እየረቀቀ ሄደ። ጂሜይል በኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሲወጣ ለእያንዳንዱ ሰው 1 ጊጋባይት ማስቀመጫ ሰጠ፤ በዚያ ጊዜ ሌሎቹ ታላላቅ ድርጅቶች የሚሰጡት በነፃ 2 ወይም 4 ሜጋባይት ብቻ ስለ ነበረ፣ ቀኑም በምዕራባውያን ዘንድ የማሞኛ ቀን ስለ ሆነ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤን ለቦታ ሲባል መሰረዝ ቀረ፤ ማኅደር ውስጥ አኑሮ በኋላ በፍለጋ ማግኘት ተለመደ። በ2010 ማሽኑ የማንን ደብዳቤ ቶሎ እንደምትከፍት፣ ለማንስ እንደምትመልስ እያየ አስፈላጊ የመሰለውን ወደ ላይ ማውጣት ጀመረ። በ2013 የማስታወቂያውን፣ የማኅበራዊውንና የዋናውን ደብዳቤ ለየክፍሉ የሚከፍል ሆነ። በዚያው ዘመን፣ ጊዜው ያልደረሰ ደብዳቤ ለጊዜው ከዓይን ርቆ በተወሰነለት ቀንና ሰዓት ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርግ ብልሃት ተስፋፋ።

በ2015 ደግሞ ጉግል ለመጣው ደብዳቤ ሦስት አጫጭር መልሶችን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ዘዴ አወጣ። ስለዚህ ነገር ሠሪዎቹ ራሳቸው የተረኩት አለ። በሙከራው ጊዜ መሣሪያው ለማናቸውም ደብዳቤ «እወድሃለሁ» የሚል መልስ ማቅረብ ያበዛ ነበር። ይህ ቃል በሰዎች መልስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፣ ማሽኑ በተጠራጠረ ቁጥር ወደዚያ ይሸሽ ነበር፤ በኋላ አስተካከሉት። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ትምህርት አለበት። ማሽን ብዙ ጊዜ የተባለውን ያውቃል እንጂ ለማን መባል እንደሚገባው አያውቅም።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። ኢንተርኔት በሀገራችን ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በደቂቃ እየከፈልሁ ኢሜይል ማንበብ ጀመርሁ። በሳምንት ሁለት ደብዳቤ ባገኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ለሁለቱም በዚያው ቀን እመልስ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ያልተነበበው ደብዳቤ ከ6,000 አለፈ። የእኅቴ ልጅ ይህን አይቶ ሳቀብኝና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉን አስተካከለልኝ። የማስታወቂያው ለብቻው ሆነ፤ አይፈለጌው ወደ ውጭ ተጣለ፤ በፊቴ የሚታየው በቀን አራት ወይም አምስት ደብዳቤ ብቻ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለጓደኞቼም ተኩራራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ዓይኔን አንሥቼ አላየሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የጠፋብኝን ደረሰኝ ስፈልግ የአይፈለጌውን ክፍል ከፈትሁ። በሎተሪና በመድኃኒት ማስታወቂያ መካከል ርእስ የሌለው፣ ከማላውቀው አድራሻ የመጣ፣ አንድ መስመር ብቻ ያለበት ደብዳቤ አየሁ። «መምህር፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ ዘንድ ለመጠየቅ ነበር፤ ወረቀቱን አያይዣለሁ» ይላል። የጻፈችው ከተማሪዎቼ አንዷ ናት። በገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ሆና ስትሠራ ለከፍተኛ ትምህርት ለማመልከት የቀድሞ መምህርዋ የምስክርነት ደብዳቤ ያስፈልጋት ነበር። የራስዋ ስልክ ስለ ተበላሸ በባልደረባዋ ስልክና አድራሻ ነው የላከችው። ማመልከቻው የተዘጋው እኔ ደብዳቤዋን ካየሁበት ቀን 12 ቀን አስቀድሞ ነበር።

ቁጥርዋን ፈልጌ ደወልሁላት። ልትቆጣኝ ይገባት ነበር፤ አልተቆጣችም። «ምንም አይደለም መምህር፤ ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ» አለችኝ። እኔ ግን ጡረተኛ ነኝ፤ ያን ሰሞን የበዛብኝ ሥራ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ስታመለክት ደብዳቤውን በጠየቀችኝ ቀን ጻፍሁላት። ያለፈውን ዓመት ግን ልመልስላት አልቻልሁም።

ማሽኑን ልወቅስ አልፈልግም፤ እሱ እንደ ሒሳቡ ፈርዶአል። ርእስ የሌለው፣ አድራሻው ያልታወቀ፣ አጭር ሆኖ ወረቀት የተያያዘበት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የአታላይ ደብዳቤ ነው። ነገር ግን የቸገረውም ሰው ደብዳቤ መልኩ እንዲሁ ነው። የሚሲዮኑ መምህራችን ከሁሉ በፊት ይከፍቱት የነበረውን ያንኑ ደብዳቤ የእኔ እልፍኝ አስከልካይ ከሁሉ በኋላ አስቀመጠው። ጥፋቱ በደጁ ያቆመውን ሹም አንድ ቀን እንኳ «ማንን መለስህ?» ብሎ ያልጠየቀው የጌታው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መሣሪያውን ጥለን ወደ 6,000ው ክምር እንመለስ አልልም፤ በክምሩ ውስጥ ብትሆንም የልጅቱ ደብዳቤ ትጠፋብኝ ነበርና። መሣሪያውን እንደ ጌታ እንጠቀምበት እላለሁ። ከዚያ ወዲህ የማደርገውን በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ የማልፈልገውን ማስታወቂያ በየቀኑ ከመሰረዝ ከምዝገባው ስሜን አስወጣለሁ። ከ2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ማስታወቂያ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች ሰውን በአንድ ንክኪ እንዲያሰናብቱ ግዴታ አድርገዋል። ከአታላይ ለመጣው ግን በውስጡ ያለውን ማናቸውንም ነገር አልነካም፤ አይፈለጌ ነው ብዬ አስመዘግበዋለሁ እንጂ።

ሁለተኛ፣ በየወሩ የሚመጣውን የባንክና የመብራት ደብዳቤ በማጣሪያ ትእዛዝ መለያ ሰጥቼ ለየብቻው አኖረዋለሁ። አንብቤ የጨረስሁትንም ወደ ማኅደር እሰደዋለሁ፤ ስፈልገው በስም ወይም በቃል ፈልጌ አገኘዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ያልደረሰውን ደብዳቤ በቀኑ ተመልሶ እንዲመጣ ቀጠሮ እሰጠዋለሁ። ቀጠሮው ሲደርስ ግን ሁለተኛ አላራዝምም፤ ነገ ነገ ማለት እምቢ ከማለት ይከፋልና።

አራተኛ፣ በንዴት የጻፍሁትን ወዲያው አልሰድም። በማግስቱ ጧት እንዲሄድ ሰዓት ቀጥሬለት አድራለሁ፤ ከሄደም በኋላ ለጥቂት ሰኮንዶች መልሶ ለመያዝ የሚያስችል ቁልፍ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

አምስተኛ፣ ማሽኑ አዘጋጅቶ የሚያቀርበውን መልስ «ደርሶኛል» ለማለት እጠቀምበታለሁ። ለኀዘን፣ ለምስጋናና ለይቅርታ ግን በራሴ ቃል እጽፋለሁ።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ቡናዬን ይዤ የተጣሉትን ደብዳቤዎች ክፍል እከፍታለሁ። በጂሜይል ወደ አይፈለጌ ክፍል የገባ ደብዳቤ 30 ቀን ሲሞላው በራሱ ይሰረዛልና በወር አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። በስሕተት የተጣለ ባገኝ «ይህ አይፈለጌ አይደለም» የሚለውን ነክቼ እመልሰዋለሁ፤ ማሽኑም ከዚህ ይማራል። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

እናንተም ደግሞ ጌቶች ብቻ አይደላችሁም፤ በሰው ደጅ የምትቆሙ ደጅ ጠኚዎችም ናችሁ። ስለዚህ ደብዳቤ ስትልኩ ርእሱን ጻፉ፤ ስማችሁን አስታውቁ፤ የምትፈልጉትን በመጀመሪያው መስመር ተናገሩ፤ ቀኑን ግለጹ። መልስ ቢዘገይባችሁም ንቆኝ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ስልክ ደውሉ። ያች ልጅ አንድ ጊዜ ደውላልኝ ቢሆን ኖሮ ዓመትዋ ባልጠፋ ነበር፤ ይህን የምለው ጥፋቴን ለመሸፈን አይደለም።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የደብዳቤ ጠባቂ መንገዱ ነበር፤ ዛሬ ሒሳብ ሆኖአል። ነገ ደግሞ ደብዳቤውን አንብቦ፣ አሳጥሮ፣ መልሱንም ጽፎ የሚያቀርብልን ማሽን በሁሉ እጅ ይገባል፤ ከአሁኑም ጀምሮአል። ያን ጊዜ ብዙ ሰዓት ይተርፋችኋል። በተረፈው ሰዓት ምን እንደምታደርጉበት ግን ማሽኑ አይነግራችሁም። እኔ ቅዳሜ ጧት የምሰጠውን ሩብ ሰዓት ያገኘሁት መሣሪያው ካተረፈልኝ ጊዜ ነው፤ ጽሕፈቱ የተበላሸውንም ደብዳቤ መጀመሪያ እከፍታለሁ።